ስንት እግር አለው?

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። የዲግሪያችን ቀለም ገና አልደረቀም። ስሙን የማንጠራው አንድ ሚዲያ ቤት በተለማማጅነት የገባን ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችንም ሴቶች፣ ሦስታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ ሦስታችንም የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ አጠገብ ላጠገብ ቢቀመጥልን የማንለይ። ሰሞኑ የአንበጣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ የከፋው ነው ያለው ወረራ ሰሜንና ምሥራቁን አዳርሶ ነበር። እኛም ዜና ልንሠራ ደቡብ ወሎ ለሚገኙ አንድ አባት ስልክ ደወልን። ድምፅ ማጉያውን ከፍተን ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን።

«አባባ፣ አንበጣው ምን ያህል ጉዳት አደረሰ?»

«የትኛው ነው ልጄ? ኩብኩባው ነው ወይስ ክንፍ ያወጣው?»

«ልዩነት አለው እንዴ አባባ?»

ዝም አሉ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎን «ሃሎ! ሃሎ!» አልን። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ደግነታቸው አሸንፏቸው በኋላ አስረዱን። ኩብኩባው እግረኛ ነው። ገና ክንፍ አላወጣም፣ እየፈናጠረ ነው የሚሄድ፣ ቦይ ተቆፍሮለት እዚያው ሊቀበር ይችላል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን ጅራፍ ማጮህ፣ ቆርቆሮ መምታት፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ማባረር ነው፤ ጎረቤትም መልሶ ያባርርልሃል። ማለትም ጥያቄያቸው የቃላት ጨዋታ አልነበረም። «ገና እናድነዋለን ወይስ አልቆልናል?» የሚል ጥያቄ ነበር።

እኛ ምን አደረግን? «የአንበጣ መንጋ ሰብል አወደመ» ብለን ጻፍን። ፎቶ ከኢንተርኔት ለቅመን ለጠፍን። ፎቶው ላይ የነበረችው አንዲት አረንጓዴ ፌንጣ ናት፤ ቅጠል ላይ ብቻዋን የተቀመጠች፣ ምናልባትም ከዚያ ቅጠል ውጪ ማንንም ያልበደለች ፌንጣ። አዘጋጁ አለፈው፤ አንባቢውም አለፈው። ማንም «ኧረ ይቺ ፌንጣ ናት!» አላለም። ዛሬ ድረስ የሚከነክነን መሳሳታችን አይደለም፤ ስህተታችንን የሚያይ ሰው መጥፋቱ ነው።

እንግዲህ ጎበዝ፣ እንነጋገር። የእኛ ትውልድ የመለየት ችግር የለበትም። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ስልክ የስንተኛው ሞዴል እንደሆነ በካሜራው አቀማመጥ እንናገራለን። ፌክ ጫማ በስፌቱ እንለያለን። ሳይንስ እስካሁን ስም ሰጥቶ ለመዘገባቸው አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ የሦስት አፅቄ ዝርያዎች ግን ያሉን ስሞች ሦስት ናቸው፤ «ትል»፣ «ዝንብ» እና «ወይኔ ምንድነው እሱ!» ቀጥሎ ፍሊት ይነፋል። ነገሩ ተዘጋ።

ይህ ድህነት ከቋንቋችን የመጣ ነው የሚል ካለ አንስማማም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዮኤል የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አንድን ማሳ ተራ በተራ የሚበሉ አራት ተባዮችን በስማቸው ይጠራል፤ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ። አራት የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው ወይስ የአንዱ አራት ዕድሜዎች የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ ቁም ነገሩ አያቶቻችን አራቱንም የሚጠሩበት ቃል ነበራቸው። ማር ላይ እንኳ ብንሄድ የገጠሩ ሰው ጣዝማን ከንብ ለይቶ ያውቃል። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ከንብ በጣም የምታንስ ሌላ ፍጡር ናት። እኛ ስለ ጣዝማ የምናውቀው የማሯን ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ጉንፋን ሲይዘን።

ደግሞ ስሙን እዩት፤ ሦስት አፅቄ። ሦስት የሚለው ቁጥር ስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ደረቱ ላይ ስድስት እግር። ይህን ብቻ የያዘ ሰው ሸረሪትን፣ መዥገርንና ጊንጥን ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ስምንት እግር አላቸውና። የፈረንጆቹ ስም የሚነግረን «የተቆራረጠ» መሆኑን ብቻ ነው፤ ስንት ቦታ እንደተቆራረጠ አይናገርም። የእኛው ቆጥሮ ሰጠን፤ እኛ ግን መቁጠር ተውን።

ትምህርት ቤት ምን አስተማረን? ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዲፕተራ፣ ኮሊዮፕተራ፣ ሌፒዶፕተራ፣ ሃይመኖፕተራ እያልን እንደ ዳዊት ደገምን። ፈተናው ላይ ትክክለኛዋን ፊደል አጠቆርን። በማግስቱ ጠፋ። አንድም ቀን አንድ መምህር አንዲት የሞተች ዝንብ ወረቀት ላይ አስቀምጦ «ክንፏን ቁጠሩ» ያለን ትዝ አይለንም። ብንቆጥር ኖሮ ሁለት ነው። ንብ አራት አላት፤ ዝንብ ሁለት። ዲፕተራ ማለት በግሪክኛ «ባለ ሁለት ክንፍ» ማለት ነው፤ አለቀ። ኮሊዮፕተራ «ባለ አፎት ክንፍ» ነው፤ ጥንዚዛ ስስ ክንፏን በጠንካራው ክንፍ ውስጥ እንደ ሰይፍ ትከታለች። ሌፒዶፕተራ «ባለ ቅርፊት ክንፍ»፤ ቢራቢሮን ወይም የእሳት እራትን ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት ያ ቅርፊት ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ክንፍ እያየ ነው የመደባቸው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ክንፉ ቀርቶ ግሪክኛው ብቻ ቀረ። የሦስት ደቂቃ ነገር ነበር! ለምን በአማርኛ እንዳልተነገረን እስከ ዛሬ አልገባንም።

መመደብ ሲባል ደግሞ እንደ ፋይል ካቢኔ የደረቀ ነገር የሚመስለው አለ። ምስጥን ውሰዱ። ጉንዳን ይመስላል፣ እንደ ጉንዳን ይሰለፋል፣ ንግሥትም አለችው። ዘመዱ ግን በረሮ ነው። ተመራማሪዎች ለምስጥ የተሰጠውን የብቻ ምድብ አፍርሰው ከበረሮ ጋር የቀላቀሉት በዚህ በእኛ ዕድሜ ነው። ጉንዳን በበኩሉ የንብና የተርብ ቤተሰብ ነው። የበር መቃኑን ምስጥ የበላበት ሰው ጎረቤቱ ያለውን የጉንዳን መድኃኒት ገዝቶ ሲነፋ አይተናል፤ መቃኑ ተበልቶ አለቀ።

«ወገን በተራበበት አገር እናንተ የክንፍ ቁጥር ታስቆጥራላችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ብሎናልም። መልሳችን 2009 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት መጤዎች አገራችን ውስጥ ተገኙ። አንደኛው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ከዚያ በፊት የምናውቀው ተምች ነበረን፤ በአንዳንድ ዓመት በጅምላ የሚመጣ፣ ሣሩንም ሰብሉንም በአደባባይ የሚያጭድ። መጤው እንደዚያ አይደለም። በቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ከላይ የረጩት መድኃኒት አይደርስበትም፤ በልቶ እንደመሄድ እዚሁ ይከርማል። መለያው ቀላል ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጭ መስመር አለው፤ ወደ ጭራው ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ስሙን ያወጡለትን የግብርና ሰዎች እናመሰግናለን፤ «መጤ» የምትለዋ ቃል ብቻ ግማሹን ሥራ ሠርታለች። ሚዲያዎቻችን ግን ያን ሰሞን አንዴ «ተምች»፣ አንዴ «ትል»፣ አንዴ «ምንነቱ ያልታወቀ ተባይ» ሲሉ ከረሙ። ምንነቱ ታውቋል እኮ! ያላወቅነው እኛ ነን።

ሁለተኛው መጤ የከተማ ልጆች የሆንነውን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ቀብሪደሃር ላይ የተገኘች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ናት። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታይታ ነበር። የእኛዋ ነባር የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ትወዳለች፤ ክረምት ጠብቃ ትመጣለች፣ ውኃው ሲደርቅ ትቀንሳለች። ስለዚህ ወባ ለእኛ የቆላ ገጠር በሽታ ነበር፤ ለመስክ ሥራ ሲወጡ የሚፈራ። አዲሷ ግን በርሜል ትወዳለች። ሮቶ ትወዳለች። ግንባታ ላይ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የተጠራቀመ ውኃ ትወዳለች። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የት አለ? ክረምትን አትጠብቅም፤ ክረምቷን እኛው ግቢ ውስጥ አስቀምጠንላታል።

ድሬዳዋ ምን እንደደረሰባት እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። የአርማወር ሐንሰን ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከአዲሷ ትንኝ ጋር አገናኝተውታል፤ ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር። የእኛ እኩዮች ማለት ነው። ኩሬ ብናዳፍን፣ ረግረግ ብናደርቅ ለእሷ ምኗም አይደለም። እሷን ለመከላከል መጀመሪያ እሷ መሆኗን ማወቅ ነበረብን። እሷ መሆኗ የታወቀው ደግሞ አንድ ሰው የተያዘችውን ትንኝ አጉልቶ አይቶ «ይቺ የምናውቃት አይደለችም» ስላለ፣ ዘር መለያዋም ተመርምሮ ስለተረጋገጠ ነው። «ትንኝ ናት በቃ» ብሎ ያለፋት ቢሆን ኖሮስ?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሳይንሱም ይሳሳታል። ለረጅም ጊዜ ሁለት ዝርያ ተደርገው ሁለት ስም የተሰጣቸው አንበጦች ነበሩ፤ አንዱ ብቻውን የሚኖር ጨዋ፣ ሌላው መንጋ ሠርቶ የሚዘምት፤ መልካቸውም ቅርጻቸውም የተለያየ። ቦሪስ ኡቫሮቭ የሚባል የሩሲያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ ፍጡር ናቸው አለ። ሲበዙና ሲጨናነቁ ይለወጣሉ። የእኛው የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው። በኋላ ኋላ እንደታወቀው የኋላ እግሩ በሌሎች ደጋግሞ ሲነካካ ብቻውን የነበረው አንበጣ በሰዓታት ውስጥ መንጋ ፈላጊ ይሆናል። (የአራዳ ልጆች ይህን ለማወቅ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ይበቃቸዋል።) አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ያ ጨዋው ብቻውን እያለ አይቶ «ይሄ ነገር እየበዛ ነው» የሚል ሰው ከሌለ ዜናው የሚሠራው ማሳው ካለቀ በኋላ ነው፤ እኛ እንደሠራነው።

ሁሉም ሰው የነፍሳት ሊቅ ይሁን አላልንም። የኳስ ጋዜጠኛ ኦፍሳይድን ከማዕዘን ምት ሳይለይ አየር ላይ አይወጣም፤ ቢወጣ በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መሳቂያ ይሆናል። እህል የሚበላንና ደም የሚመጠንን ነገር የሚዘግብ ሰው ግን እጭን ከትል ባይለይ ማንም አይስቅበትም። አባጨጓሬ የቢራቢሮ ልጅ መሆኗን ሳያውቅ ስለ ተምች ይጽፋል። አዘጋጆቻችን ሆይ፣ ከግብርና ቢሮ የመጣውን መግለጫ ገልብጣችሁ ከማተማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ስሙ ማነው፣ አሁን የትኛው ዕድሜው ላይ ነው? ፎቶም ስታወጡ እግሩን ቁጠሩ።

ባለፈው ክረምት የተከራየንበት ግቢ በርሜል ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አየን። አከራያችን «ትል ነው፣ ወርውሪና ድፊው» አሉ። «እትዬ፣ ቆይ አንዴ» ብለን የስልካችንን መብራት አበራን። የወባ ትንኝ እጭ ውኃው ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ሌሎቹ ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ተዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። የእኛዎቹ ተዘቅዝቀው ነበር። ወባ አይደሉም ማለት ነው፤ ግን ከሚንጠለጠሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ትኩሳት ያመጣችው ትንኝም ትገኛለች። ውኃውን ደፋን፣ በርሜሉን ፈተግን፣ ክዳን ገዛንለት። እትዬ ክዳኑ ስንት እንደሆነ ጠይቀው ገንዘቡን ከኪራዩ ላይ ቀነሱልን። አሁን ውኃ በመጣ ቁጥር «ኑ እዩልኝ እስቲ፣ ተኝቷል ወይስ ተሰቅሏል?» እያሉ ይጠሩናል።