የደን ተማሪ ሲመጣ ዶማ ስጡት

ውድ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አልጽፍም። የደን ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ቀበሌያችን ሲመጡ እንዴት እንደምንቀበላቸው የራሴን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

እኛ ጋ እንግዳ ይከበራል። ተማሪው ሲመጣ ወንበር ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ለጥያቄው መልስ ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ ላይ ይፈረምለታል። እሱም ሪፖርቱን ጽፎ ይሄዳል። መስተንግዶው ደግ ነው፤ ግን ልጁ ምን ተማረ? ለዚህ ነው ዶማ ስጡት የምለው።

ጤፍ ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ምክር በወራት ውስጥ ይታያል፤ በዓመቱ ታርሙታላችሁ። ዛፍ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ አዊ ዲከረንስ የሚተክል ሰው 4 እና 5 ዓመት ነው የሚጠብቀው። ፕላስቲኩ ሳይወጣለት የተተከለ ችግኝ መጀመሪያ ለምለም ይመስላል፤ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀርና ኋላ ይደርቃል ወይም ነፋስ ይጥለዋል። ያኔ የጠፋው ችግኝ ብቻ አይደለም፤ ዓመታችሁም ነው። ዛሬ የምትፈርሙለት ልጅ ደግሞ ነገ ባለሙያ ተብሎ ምክር ሊሰጣችሁ ይመጣል።

እኔም ኮሌጅ የተማርኩ ነኝ፤ ትምህርቱን አላናንቅም። ግን እጅ የሚማረው በመሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እኮ ደን አጠገብ ነው ያለው። ሁሉም ኮሌጅ ግን እንደዚህ ያለ ደን የለውም። ስለዚህ የእናንተ ማሳ ነው መማሪያቸው።

ተማሪውን ምን እናሠራው ካላችሁ፦

1. ዘር። የዲከረንስ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ነው። የፈላ ውሃ አፍስሶበት ያሳድረው።

2. ችግኝ ጣቢያ። አፈር ያዋህድ፣ ከፕላስቲኩ በታች የወጣውን ሥር ይቁረጥ። ተከላ ሲቃረብ ውሃና ጥላ እየቀነሰ ችግኙን ፀሐይ ያለማምደው።

3. ተከላ። ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍር፣ ፕላስቲኩን አውጥቶ ይትከል፣ አፈሩን በእግሩ ጠበቅ ያድርግ።

4. የባሕር ዛፍ ጉቶ። ከሚያቆጠቁጠው ሁሉ ጠንካራውን 2 ወይም 3 አስቀርቶ ሌላውን ያንሳ።

5. በሽታ። እንደ ዝገት ያለው የዲከረንስ በሽታ ምን እንዳደረገን ታውቃላችሁ። በሽታው የገባበት ማሳ ካላችሁ ወስዳችሁ አሳዩት። በፎቶ ብቻ ያየ ሰው ጅምሩ ላይ አይለየውም።

«ዛፌን ቢያበላሽብኝስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ማሳውን በሙሉ አትስጡት፤ ዳር ላይ አንድ መስመር ለዩለት፣ አጠገቡም ቁሙ።

«ዛፍ የሚለኩት ግብር ሊጨምሩብን ነው» የሚሉም አሉ። የተማሪ ልኬት ለትምህርት ነው። ቢሆንም የኮሌጁን ደብዳቤ ጠይቁ፤ የለካውንም ጽፎ አንድ ቅጂ ለእናንተ እንዲተው አድርጉ።

ያ ቅጂ ደግሞ ይጠቅማችኋል። ብዙዎቻችን ዛፍ የምንሸጠው በዓይን ግምት ነው፤ ነጋዴው ግን ገምቶ አይደለም የሚመጣው። ተማሪው 10 ሜትር በ10 ሜትር ለክቶ በውስጡ ያለውን ዛፍ ይቁጠር። 60 ቢሆን፣ በሩብ ሄክታር 1,500 ገደማ ዛፍ አላችሁ ማለት ነው። መሃሉና ዳሩ ስለሚለያይ ሦስት አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን ይውሰድ። ውፍረቱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ፤ ዙሪያው 31 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ይለማመዳል፣ እናንተ ያላችሁን አውቃችሁ ትደራደራላችሁ።

ለኮሌጆችም አንድ ነገር ልበል። መጋቢት ላይ ብቻ የመጣ ተማሪ ተከላ አያይም። ሐምሌ ላይ ብቻ የመጣም ከተከለው ስንቱ እንደጸደቀ ሳያውቅ ይመረቃል። ጊዜው ቢያጥርም ለሁለት ይከፈል፤ ክረምት ላይ ይትከል፣ በበጋው ተመልሶ የተከለውን ይቁጠር። ከሪፖርቱ ይልቅ ያ ቆጠራ ነው ልጁን ባለሙያ የሚያደርገው።

እናንተም ተማሪዎች መጥተዋል ሲባል ከሰማችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ «አንዱን ለእኔ ላክልኝ» በሉት። ጠላው ከሥራ በኋላ ይደርሳል።