ቤት ገዢ ሆይ፣ የፈረምከው ወረቀት ማንን ያድናል?

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን፣ ከዕቁብ ያወጣውን፣ ዓረብ አገር ያለችው እህቱ የላከችለትን አንድ ላይ ቋጥሮ ይመጣል። ያን ሁሉ ገንዘብ አስረክቦ በምትኩ የሚቀበለው ምንድነው? ወረቀት! ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ገዢ ያውቃል፤ ሻጭ ያውቃል፤ ደላላው ከሁለቱም ይበልጥ ያውቃል፤ መንግሥትም ያውቃል። ለመሆኑ ሁሉም እያወቀው የሚፈረም ውሸት መጨረሻ ላይ የሚበላው ማንን ነው? ገንዘቡን የከፈለውን ነው እንጂ ሌላ ማንን!

የመጀመሪያው ውሸት ዋጋው ነው። ቤቱ በአምስት ሚሊዮን ብር ይሸጥና ውሉ ላይ አንድ ሚሊዮን ይጻፋል። «ለግብሩ ነው፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» ይባላል። ደግ! ነገ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝና ውሉ ቢፈርስስ? «ስንት ከፈልክ?» ስትባል የሚነበብልህ ራስህ የፈረምክበት አንድ ሚሊዮን ነው። የቀረውን አራት ሚሊዮን በየትኛው አፍህ ትጠይቃለህ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አንተ በጽሑፍ ያኖርከው ውሸቱን ነውና የምትወርሰውም ውሸቱን ነው።

ሁለተኛው ውሸት ውክልና ይባላል። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ተከለከለ። ታዲያ ሽያጩ ቆመ? ምን ሲደረግ! ስሙን ለውጦ «ውክልና» ሆነ፤ አንዳንዴም «ብድር» ተባለ። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ቁልፍ ተረክቦ፣ ሴራሚክ አስነጥፎ ይገባል። በሕግ ዓይን ግን የባለቤቱ ተላላኪ ነው። ውክልናን ደግሞ ወካዩ ባሰኘው ቀን ሊሽረው ይችላል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226)። ወካዩ ቢሞትም ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው አብሮት ይቀበራል (ቁጥር 2232)። ወራሾች መጥተው «የአባታችንን ቤት ልቀቅ» ሲሉህ ሴራሚክህን ነቅለህ ልትወጣ ነው? ቤቱ ለልማት የሚነሳ ከሆነም ካሣ የሚጠራው ሕጋዊ ባለይዞታውን እንጂ አንተን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ ሲፈርሱ ያየ ሰው ይህን «የሩቅ ነገር» አይለውም።

እዚህ ላይ ባለሥልጣኖቹን ልጠይቃቸው። ቅድመ ክፍያውን ከየት እንደሚያመጣ የጨነቀው ባለዕጣ ቤቱን እንደሚሸጥ ሳታውቁ ነው የከለከላችሁት? ክልከላው ሽያጩን አላስቀረውም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ አባረረው እንጂ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ እናንተ በቀደዳችሁት የገባው ደላላ ነው።

ደላላስ ለምን ነገሠ? ገዢው ገልጦ የሚያየው መዝገብ በማጣቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ አንቀጽ አበጅቶ ነበር። ያው ሕግ ግን በቁጥር 3363 ላይ ቀኑ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ አይሠራም አለ። ዘውዱ ወረደ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ኢሕአዴግ ደግሞ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባን አዋጅ ቁጥር 818ን ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከ54 ዓመት በኋላ! ለመውረስ ጊዜ ያላጣ መንግሥት ለመመዝገብ ጊዜ አጣ። መዝገብ በሌለበት ደላላ መዝገብ ሆነ።

«ውልና ማስረጃ ቀርበን ከተፈራረምን አለቀ» የሚል ብዙ ነው። መፈራረሙ ግዴታ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የሕጉን ቁጥር 1723 ሲተረጉም ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ሦስት ሽማግሌ አስፈርመህ ሣጥን ውስጥ የቆለፍክበት ወረቀት ሻጩ የካደህ ዕለት ያስለቅስሃል። ግን መፈራረሙ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ነው? የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል። ያልፈረመችው ሚስት ካወቀች ጀምሮ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ልትል ትችላለች። ቤቱ ባንክ ተይዞ፣ ፍርድ ቤት አግዶት፣ ወራሾች እየተካሰሱበትስ ቢሆን? ካርታው «ነባር ይዞታ» ነው ብለው ሲያጓጉህስ? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንዲይዘው ደንግጓል። ይህን የነገረህ ደላላ አለ?

«ታዲያ ጠበቃ ልያዝ?» ትላለህ። አዎን፣ ያዝ! ግን የራስህን። አገራችን ለቤት ግዢ ብቻ የቆመ የሕግ ባለሙያ የላትም፤ ሥራው የጠበቃ ነው። እኛ ግን ለበር ቀለም ሦስት ሱቅ እየዞርን፣ ለሚሊዮኖች ውል በር ላይ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ጥቂት ብር ወርውረን እንገባለን። ደላላው «ጠበቃ አለኝ፣ አታስብ» ካለህ ያን ጊዜ ነው ማሰብ ያለብህ። የሚከፍለው ማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ አለው? ክፍያውና የሚሠራው ሥራ በጽሑፍ ሰፍሯል? ማህደሩን ክፍለ ከተማ ሄዶ ራሱ ያያል ወይስ ፎቶ ኮፒ አይቶ ይመለሳል? ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ይህን ጨርስ። ቀብድ ሰጥተህ ከውሉ ብትወጣ ቀብዱ ቀለጠ ማለት ነው፤ የተቀበለው ሻጭ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል (ቁጥር 1885)። ሻጩ «የእጅ ብድር ብለን እንጻፈው» የሚልህ ከዚህ ለማምለጥ ሊሆን ይችላል።

ለገዢው የምለው አጭር ነው። ወረቀቱ የከፈልከውን ብርና የገዛኸውን ቤት በትክክለኛ ስሙ የማይጠራ ከሆነ ብዕሩን አስቀምጥ። ቤቱ ይቅር፤ ሌላ ቤት አለ።

ለመንግሥትም እነሆ። ቴምብር ለመሰብሰብ የሚፈጥን እጅ መዝገብ ለመግለጥም ይፍጠን። ማንኛውም ገዢ ደላላ ሳይለማመጥ ይህ ቤት የማን ነው፣ ዕዳ አለበት ወይ ብሎ ጠይቆ በዕለቱ መልስ ያግኝ። ሰው እውነቱን ጽፎ የማይቀጣበት ግብርና እውነቱን ጽፎ የሚሸጥበት ሕግ ይውጣ። እስከዚያ ድረስ ግን በእያንዳንዱ የሐሰት ውል ላይ ያላችሁት ሦስተኛ ፈራሚ ሆናችሁ ነው።