ልጅ ወይስ እረኛ?

ወላጁን ያጣ ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ለፎገራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፤ «የጡት ልጅ» የሚባል ወግም አለን። እኛ የምናነሳው ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ነው።

እንዲያው እውነቱን እንነጋገር። ኅዳር ላይ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ከትምህርት ቤት የሚቀረው የትኛው ልጅ ነው? የቤቱ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ፣ «እያሳደግነው ነው» የሚባለው ከብት እየነዳ ወደ ርብ ዳር ይወርዳል። ይህ በእንጀራ ጉልበት መግዛት እንጂ ማሳደግ አይባልም። «የገበሬ ልጅ ሁሉ ይሠራል» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ይሥራ፤ ግን እኩል ይሥራ፣ እኩልም ይማር።

የአደራ ቤተሰብነት ከጉዲፈቻ ይለያል። የጉዲፈቻ ልጅ በሕግ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፤ የአደራ ልጅ ግን ነገ ወደ ወገኑ ሊመለስ ይችላል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ኃላፊነቱ የራሳችን ሆኗል።

ታዲያ አሳዳጊ ምን ይጠብቅ? ምስጋናን አይጠብቅ። ልጁ ዝም ሊል፣ ምግብ ሊደብቅ፣ ሌሊት መኝታውን ሊያረጥብ ይችላል። ኀዘን እንጂ ጥጋብ አይደለም፤ በአለንጋ አይድንም።

ጓደኞች! ነገ ክፍል ገብተን ስም ስንጠራ ዘወትር የሚቀረው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። አሳዳጊውንም ቤቱ ድረስ ሄደን በአክብሮት እናነጋግር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና።