መዝገብን በሁለት ጎተራ ስለማኖር

አስተዋይ ገበሬ የዘር እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም፤ እሳት ቢነሣ ለከርሞ የሚዘራውን ያጣልና። በደቡብ ኮርያ፣ በዴጆን ከተማ፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ኮምፒውተሮች ባሉበት ሕንፃ ከባትሪ እሳት ተነሥቶ፣ ሹማምንቱ የሥራ ጽሑፋቸውን የሚያኖሩበት ጂ ድራይቭ የተባለው ክላውድ ከያዘው 858 ቴራባይት ጋር ተቃጠለ፤ ከስፋቱም የተነሣ በሌላ ስፍራ ግልባጭ አልነበረውም።

እንግዲህ መዝገብን ለክላውድ መስጠት ብቻውን ጥበቃ አይባልም። የመሬትና የግብር መዝገብ በኮምፒውተር የሚያስጠብቅ ሹም፣ ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ ያስቀምጥ፤ አንዱም በሌላ ከተማ ይሁን። ወጪው ቢከብድም፣ ይዞታውን የሚያስረዳበት መዝገብ የጠፋበት ድኻ ጉዳት ይበልጣል። ባለሙያውም ግልባጩን በየጊዜው እየከፈተ ይፈትን፤ ያልተፈተነ ግልባጭ እንደ ነቀዘ ዘር ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በመዝሪያው ቀን ነው።