ስለ ኳስ ውርርድና በቀራንዮ ስለ ተጣለው ዕጣ

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል ያለው ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል፤ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም የሚገኘው በዚያ ነው። ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። በዚያ በመጀመሪያው ቀራንዮ ወታደሮቹ የተራቆተውን ሰው ልብስ ማን እንዲወስድ ከመስቀሉ በታች ዕጣ እንደ ተጣጣሉ አራቱም ወንጌላውያን ጽፈዋል። በአዲስ አበባው ቀራንዮ ደግሞ ልብሱ ወደ ገንዘብ፣ ዕጣው ወደ ኳስ ውርርድ ተለውጦ ያው ሥራ ይሠራል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በኳታር በተደረገ ጊዜ ጨዋታው ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 9 ቀን ተፈጸመ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባልና፣ ከመጀመሪያዎቹ አራት ቀኖች በቀር ጨዋታው ሁሉ በጾም ውስጥ ዋለ። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ድረስ የቀን ሠራተኛው የዕለት ደመወዙን፣ ተማሪውም የደብተር መግዣውን ለውርርድ አስያዘ። ከሥጋና ከወተት የተከለከለ አፍ የወንድሙን ገንዘብ ለመብላት ተከፈተ። በዚያው ዓመት የከተማው አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን አሸገ፤ ነገር ግን ቁልፍ በርን ይዘጋል እንጂ ምኞትን አይዘጋምና ውርርዱ በእጅ ስልክ ውስጥ ገባ። የ2018 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫም በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን እንዲሆን ተወስኗል፤ አገሮቹም ከ32 ወደ 48፣ ጨዋታዎቹም ከ64 ወደ 104 እንዲበዙ ተደርጓል። ከዚህም ወራት የሚበዛው የሐዋርያት ጾም ነው። ጨዋታው በበዛ መጠን ዕጣውም ይበዛል።

የኳስ ጨዋታ ራሱ ኀጢአት ነው የሚል የለም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደች ጊዜ ደስታው የሕዝቡ ሁሉ ነበር፤ የአንዱ ደስታ የሌላውን ኪስ አላጎደለም። የሚነቀፈው በጨዋታው ላይ የተለጠፈው ቁማር ነው።

ውርርድን የሚወዱ ሰዎች ግን ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ።

አንደኛው፣ ውርርድ ዕውቀት ነው እንጂ ዕድል አይደለም፤ ቡድኖቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይረታል ይላሉ። ነገር ግን 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ የቆየችው አርጀንቲና ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ በዚያ ቀን በእርሷ ላይ ያስያዘው አዋቂውም አላዋቂውም እኩል ከሰረ። ያችው አርጀንቲና በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደች። በሜዳው የሚሮጠው ተጫዋች ራሱ የማያውቀውን ነገር በኮልፌ ተቀምጦ አውቃለሁ ማለት ዕውቀት ሳይሆን ትዕቢት ነው።

ሁለተኛው፣ የሚሰጠው 10 ብር ብቻ ነው፣ የሚገኘው ግን ብዙ ነው ይላሉ። ይህን በሒሳብ መመርመር ይገባል። ሁለት እኩዮች ሲገጥሙና ከሁለት አንዱ ብቻ የሚሆን ሲሆን፣ 10 ብር አስይዞ የረታ ሰው 20 ብር ሊቀበል በተገባው ነበር። አቋማሪው ግን ኦድ የሚባለውን ማባዣ ከ2 ዝቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ 1.90 አድርጎ፣ 19 ብር ይከፍላል። የጎደለችው አንዲት ብር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ወጣቶቹ ብዙ ጨዋታ በአንድ ቲኬት መጨመር ይወዳሉ። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎችን 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው በተለያየ ግምት በ10 ብር ቢቆርጡ፣ የሚሰበሰበው 10,240 ብር ነው። አሥሩንም የሚያገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚደርሰውም 6,131 ብር ያህል ነው። 4,109 ብር በአቋማሪው ዘንድ ይቀራል፤ 1,023 ሰዎችም ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በየመንደሩ የሚወራው ግን የዚያ የአንዱ ሰው ወሬ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መጽሐፍን ምስክር ስለሚያደርግ ከሁሉ የከፋ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ምትክ ማትያስን በዕጣ መርጠዋልና ዕጣ አይነቀፍም ይላሉ። መልሱ ግልጥ ነው፤ ዕጣ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያድል ዕጣና የሚገፍ ዕጣ። የሐዋርያት ዕጣ ጸሎት ቀድሞት ለማትያስ ሹመትን ሰጠ እንጂ ከዮሴፍ ምንም አልወሰደበትም። በኮልፌ ነጋዴዎች ዘንድ የሚወጣው የእቁብ ዕጣም እንዲሁ ነው፤ ተራን ይለያል እንጂ ሀብትን አይነጥቅም፤ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ በመጨረሻ የወጣለትም የከፈለውን ያህል ይቀበላል። የወታደሮቹ ዕጣ ግን አንዱ ካልተራቆተ ሌላው የማይለብስበት ዕጣ ነው። የኳስ ውርርድ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመፍረድ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከመንግሥት ፈቃድ አለው የሚል ቢኖርም፣ ፈቃድ ከዳኛ ቅጣት ያድናል እንጂ ከኅሊና ፍርድ አያድንም።

ይህ ሁሉ ለወጣቱ ብቻ የተነገረ እንዳይመስል። የሐዋርያት ቀኖና ከቁማርና ከስካር የማይመለስ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር፣ ምእመኑም ከአንድነት እንዲለይ ያዝዛል፤ ከካህናት መጀመሩም በከንቱ አይደለም። ለሕንፃ ማሠሪያ ተብሎ በቅጥሩ ውስጥ የመኪና ዕጣ የሚያሸጥ ደብር በማግሥቱ በዐውደ ምሕረት ውርርድን ለመንቀፍ ምን አፍ አለው? ምእመኑን መኪና አገኛለሁ ብሎ ለቤተ ክርስቲያን መስጠትን ካስለመዱት በኋላ፣ ቤት እሠራለሁ ብሎ ቢወራረድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለጨዋታ ያህል ነው እያለ ከባልንጀሮቹ ጋራ የሚወራረደው የተማረ ሰውም በወር ደመወዙ የሚጫወተውን ነገር ተላላኪው በራቱ እንደሚጫወተው ያስብ።

እንግዲህ የንስሐ አባት በጾም ወራት ልጁን ሥጋ በላህን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የቤትህን የጤፍ መግዣ በኳስ አስያዝህን ብሎም ይጠይቅ። ደብሩም ከግቢው የዕጣ መሸጫውን አንሥቶ የድሃዋን ጥቂት ስለት በክብር ይቀበል። ጨዋታ ማየት የሚወድም ይይ፤ ለሚወደው ቡድን ይጩኽ፤ ገንዘቡን ግን ለቤቱና ለእቁቡ ያቆይ። ዋንጫው ወደ ማን አገር እንደሚሄድ ባያውቅ አይጎዳም፤ የልጆቹ እንጀራ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ባያውቅ ግን ይጎዳል።