ከማህፀን ውጭ የሚቀር ጽንስ፦ ፊርማው ከመቅደሙ በፊት ፈትዋው ይቅደም

በዓለም ላይ ስለ ጽንስ ስቴም ሴል ምርምር የሚካሄደው ክርክር ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ሕዝብ ኑሮ የራቀ ሊመስል ይችላል። የአሜሪካ ፖለቲከኞች የሚነታረኩበት የሀብታሞች ጉዳይ ነው ብለን እንድናልፈው የሚያደርገንም ይኸው ነው። ነገር ግን የክርክሩ እምብርት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከማህፀን ውጭ የተዘጋጀና ለእርግዝና ያልዋለ ጽንስ ምን ይደረግ?» ይህ ጥያቄ ደግሞ ልጅ ፍለጋ ወደ አይቪኤፍ ሕክምና በሚሄዱ ሙስሊም ባልና ሚስት ፊት በተጨባጭ የሚቀርብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂ ሰዎች መካከል 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። በኛ አካባቢ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ቢሆንም ችግሩ ከወንዱም ሊመጣ ይችላል። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ በቴክኖሎጂ የታገዘ የመውለድ ሕክምናን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቶታል። አዳማ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የጎረቤታችን፣ የእህታችን፣ የወንድማችን ጉዳይ ነው።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ሴቷ በመድኃኒት ታግዛ በአንድ ዙር ብዙ እንቁላል እንድታፈራ ይደረጋል። እንቁላሎቹ ተወስደው በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር እንዲዳብሩ ይደረጋል። ከተገኙት ጽንሶች አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ ማህፀን ሲገቡ የቀሩት በቅዝቃዜ ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካ ሴቷ ያንን ሁሉ መርፌና ወጪ እንደገና እንዳትጋፈጥ ነው። ከብት ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ለመጣ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ልጅ ከተገኘ በኋላ፣ ወይም ባልና ሚስቱ ሲለያዩ፣ ወይም አንዳቸው ሲሞቱ የቀሩት ጽንሶች ዕጣ ፈንታ ጥያቄ ይሆናል።

የስቴም ሴል ክርክር የተነሳው ከዚህ ነው። ከዳበረ 5 ቀን ገደማ የሆነው ጽንስ በዓይን በቅጡ የማይለይ የሴሎች ስብስብ ነው። በውስጡ ያሉት ሴሎች ወደ ልብ፣ ወደ ነርቭ፣ ወደ ደም ወይም ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሴልነት ማደግ የሚችሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ቶምሰን እነዚህን ሴሎች ከሰው ጽንስ ለይቶ በላቦራቶሪ ማራባት ቻለ። ፓርኪንሰንን፣ የስኳር በሽታንና የዓይን ብርሃን ማጣትን ለማከም ተስፋ ተጣለበት፤ በእነዚህ በሽታዎች ላይ የሚደረገው ሥራ ዛሬም በአብዛኛው በሙከራ ደረጃ ላይ ነው። ሴሎቹን ለመውሰድ ግን በተለመደው አሠራር ጽንሱ ይጠፋል።

የአሜሪካ ፖለቲካ በዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2001 የፌዴራል መንግሥቱን የምርምር ድጋፍ ገደቡ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ በመጋቢት 2009 ገደቡን አነሱ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የአላባማ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቀዘቀዙ ጽንሶች በሕግ ፊት እንደ ልጅ ይቆጠራሉ ብሎ ወሰነ። በግዛቲቱ ያሉ አንዳንድ ክሊኒኮች ክስ ፈርተው ሕክምናውን አቋረጡ፤ በሳምንታት ውስጥ የግዛቲቱ ምክር ቤት ለክሊኒኮቹ ከለላ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። አንዱ ወገን «ሙሉ ሰው ነው» ሲል፣ ሌላው «የሴል ክምችት ብቻ ነው» ይላል።

እኛ ሙስሊሞች ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ለመዋስ የምንገደድ አይደለንም። ቁርኣን በሱረቱል ሙእሚኑን የሰውን አፈጣጠር በደረጃ በደረጃ ይነግረናል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ሐዲስ መሠረት ብዙኃኑ ዑለማእ ሩሕ የሚነፋው ከ120 ቀን በኋላ ነው ይላሉ። ይህ ማለት ግን ከዚያ በፊት ያለው ክብር የለውም ማለት አይደለም። ኢማም አል ገዛሊ የጽንስ ሕልውና ደረጃዎች እንዳሉትና በየደረጃው የመድፈሩ ወንጀል እንደሚከብድ አስተምረዋል። ክብሩ ገና ከጅምሩ አለ፤ እየጨመረም ይሄዳል።

የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎችም ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ተሰብስቦ ሰባት የሰው ሠራሽ ማዳበሪያ መንገዶችን መረመረ። አምስቱ ሦስተኛ ወገን ስለሚገባባቸውና ነሰብ ስለሚያደባልቁ ሐራም ናቸው አለ። ከባልና ሚስት ውጭ ሦስተኛ ወገን የማይገባባቸውን ሁለቱን ግን ለችግር ጊዜ ፈቀደ። ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጅዳ ላይ፣ በየጊዜው ለማህፀን የሚያስፈልገው ቁጥር ብቻ እንዲዳብር፣ ትርፍ ከተገኘ ያለ ሕክምና ክትትል ተትቶ በተፈጥሮ እንዲያልቅ፣ ወደ ሌላ ሴት ማህፀን እንዳይገባ ወሰነ። በመካ የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003፣ ወላጆች በፈቃዳቸው ከሰጡና ላልተፈቀደ እርግዝና ካልዋለ፣ ከአይቪኤፍ ከተረፈ ጽንስ ስቴም ሴል መውሰድን ፈቀደ። ለምርምር ተብሎ ሆን ተብሎ ጽንስ መፍጠርንና ያለ ሕጋዊ ምክንያት በውርጃ የተገኘውን መጠቀምን ከለከለ።

እንግዲህ በትርፉ ጽንስ ላይ ሁለት መልስ አለን፦ «ይተው» እና «ለሕክምና ጥቅም ይሰጥ»። በመሠረቱ ላይ ግን ልዩነት አናይም። የሰው ዘር ሸቀጥ አይደለም፤ ነሰብ ይጠበቃል። በኛ እይታ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የ1990ው የመጀመሪያ ነጥብ ነው፤ ትርፍ እንዳይፈጠር አስቀድሞ መጠንቀቅ። እዚህ ላይ የድሃው ጭንቀት ይመጣል። ጥቂት ብቻ ይዳብር ስንል ሁለተኛ ዙር ሕክምና እንዲከፍል እየፈረድንበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈትዋው ሐኪሙንም ድሃውንም አስቀምጦ የሚመክር እንጂ በመጽሐፍ ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም።

ባልና ሚስት ከመፈረማቸው በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ስንት እንቁላል ይዳብራል? የቀረው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ብንለያይ ወይም አንዳችን ብንሞት ምን ይደረጋል? የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ የተፈቀደው ኒካሑ በጸናበት ጊዜ ነውና።

ምርምሩም ሌላ መንገድ አለው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይጥ፣ በ2007 ከሰው የተወሰደ ተራ ሴልን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለሙበት። የአጥንት መቅኔና የእትብት ደም ስቴም ሴሎችም ጽንስ ሳይነካ ለደም ካንሰር ሕክምና ይውላሉ። ስለዚህ «ስቴም ሴል» የሚል ስም የሰማ ሁሉ ሐራም ነው ብሎ አይሽሽ፤ ፈዋሽ ነው ያለውንም ሁሉ አይመን። ከየት ተገኘ? በማን ፈቃድ? ብሎ ይጠይቅ።

ከመጅሊሱ የምንጠብቀው ግልጽ ነው። ዑለማእንና የማህፀን ሐኪሞችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚነበብ አጭር መመሪያ ማውጣት። የአዳማና የሻሸመኔ ኢማሞችም በጁሙዓ ኹጥባቸው ስለ መካንነት ያለ ነቀፋ ይናገሩ። ፈትዋ ፍለጋ የሚሄደው ከፈረመ በኋላ የሆነ ሰው መልሱ ጸጸት ብቻ ይሆንበታል።

አላህ ልጅ ለሚሹ ሷሊህ ዘር ይስጣቸው፤ ለዑለማኦቻችንም ትክክለኛውን ያመልክታቸው። ወላሁ አዕለም።