ዝናው የገፋቸው፦ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲ በ1970 ከመቶ ነዋሪዎቿ 71 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ይኸው ድርሻ ወደ 41 ወርዷል (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2000 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ብቻ የከተማዋ ጠቅላላ ሕዝብ ከ572 ሺህ ወደ 690 ሺህ ገደማ ሲያድግ፣ የጥቁር ነዋሪዎቿ ቁጥር ግን ከ343 ሺህ ወደ 286 ሺህ ገደማ ቀንሷል። ዕድገት የተባለው ነገር በከፊል መተካካት ነበር ማለት ነው። ዩ ስትሪትንና በዙሪያው ያለውን የሻው ሰፈር ያጠናው ዴሪክ ሃይራ በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ በ1970 ከነዋሪው 90 በመቶው ጥቁር የነበረው ይህ ሰፈር በ2010 ወደ 30 በመቶ ዝቅ ብሏል። ጉዳዩን ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሚያደርገው፣ ዘጠነኛው መንገድ ከዩ ስትሪት ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ለዓመታት የኢትዮጵያውያን የንግድ መንደር ሆኖ መቆየቱና ኢትዮጵያውያን በዚህ ሂደት ውስጥ ገፊም ተገፊም ሆነው መገኘታቸው ነው።

ጄንትሪፊኬሽን የሚባለው ይህ ሂደት ብዙ ጊዜ የሚተረከው ገንዘብ ያለው ሰው ድሃ ሰፈር ሲገባ ከሚጀምረው ምዕራፍ ነው። ሆኖም ሰፈሩ ለገዢ የሚያጓጓ ዋጋ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ካልተመረመረ ትንተናው ከመሀል ይጀምራል። ዩ ስትሪት በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የዘር መድልዎ ጥቁሮችን ከመሀል ከተማው ምግብ ቤትና ቲያትር ባራቀበት ዘመን፣ የራሱ ባንክ፣ ሆቴልና ቲያትር የነበረው፣ «ጥቁር ብሮድዌይ» እየተባለ የሚጠራ ጎዳና ነበር። በአፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተነሣው ረብሻ የጀመረው እዚሁ፣ አሥራ አራተኛው መንገድ ከዩ ስትሪት ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት የሰፈሩ ስም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲነሣ አብሮት የሚነሣው ወይ የተቃጠለ ሱቅ፣ ወይ ሄሮይን፣ ወይ ክራክ ነበር። ዘገባው ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሰፈሩ ውስጥ በየቀኑ ሲካሄድ የነበረውን ሌላውን ኑሮ፣ ጸጉር ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ በ1958 የተከፈተውን ምግብ ቤት ቤንስ ቺሊ ቦውልን፣ በዚያው መጠን አላሳየም። ክፉ ስም ደግሞ ዋጋ አለው፤ ባንክ ብድር ይነሣል፣ ባለ ሕንፃው ጥገናውን ይተዋል፣ መሬቱም ይረክሳል።

የጂኦግራፊ ሊቁ ኒል ስሚዝ በ1979 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ አንድ ቦታ አሁን በሚያስገኘው ኪራይና የተሻለ ጥቅም ላይ ቢውል ሊያስገኝ በሚችለው ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ካፒታል ተመልሶ ይገባል ይላል። ዩ ስትሪት ላይ ይህ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነበር፤ ከዋይት ሐውስ ብዙም ያልራቀ ሰፈር በፍርስራሽ ዋጋ ይሸጥ ነበርና። ክፍተቱን ወደ ትርፍ የለወጠው ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ነው። በ1986 የከተማው አስተዳደር የሪቭስ ማእከል የተባለውን የመንግሥት ቢሮ ሕንፃ ረብሻው በተነሣበት ማዕዘን ላይ ሠራ፤ በ1991 የሜትሮው አረንጓዴ መስመር የዩ ስትሪት ጣቢያ ተከፈተ። መስመሩ ሲሠራ ጎዳናው ለዓመታት ተቆፍሮ በመቆየቱ፣ ከረብሻው የተረፉ በርካታ ነባር ሱቆች ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ተዘጉ፤ የባቡሩን ጥቅም ያገኙት ቁፋሮውን የቻሉት ሳይሆኑ በአብዛኛው ከቁፋሮው በኋላ የመጡት ናቸው። በ2003 ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ በአሥር ዓመት ውስጥ 100 ሺህ አዲስ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ለማምጣት ግብ ሲያስቀምጡ፣ የገበያው አቅጣጫ በይፋ የከተማው ፖሊሲ ሆነ።

ኢትዮጵያውያን የገቡት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጡት ስደተኞች መጀመሪያ የሰፈሩበትና ምግብ ቤቶቻቸውን የከፈቱበት አዳምስ ሞርጋን ኪራዩ እየተወደደ ሲሄድ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነጋዴዎቹ ጥቂት መንገዶችን ተሻግረው ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ዘጠነኛው መንገድ ወረዱ። የተዘጉ መደብሮችን ከፈቱ፣ መስታወት አስገቡ፣ እስከ ሌሊት መብራት አበሩ። ይህ ሥራ ለሰፈሩ የጠቀመውን ያህል ለባለ ሕንፃውም ጠቅሟል፤ ባዶ ጎዳናን ለገዢ አስተማማኝ ያደረገው በተከራይ ጉልበትና በተከራይ ቁጠባ ነውና። አዳምስ ሞርጋን ላይ የታየው ነገር በዘጠነኛው መንገድም ሊደገም እንደሚችል ለመገመት ነቢይነት አያስፈልግም ነበር።

ከክፉው ስም በኋላ የመጣው ሁለተኛው የዝና ማዕበል ተቃራኒ ይምሰል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምግብ ዓምዶች፣ የጉዞ ገጾችና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ሰፈሩን «ተነሣ» እያሉ ይጽፉ ጀመር። ሃይራ በትክክል እንዳስተዋለው፣ የተሸጠው የሰፈሩ የጥቁር ታሪክ ራሱ ነው። በ2004 በሙዚቀኛው ኤሊንግተን ስም «ዘ ኤሊንግተን» የሚባል የመኖሪያ ሕንፃ ተከፈተ፤ የገጣሚው የላንግስተን ሂዩዝ ስምም ለአንድ ኮንዶሚኒየም ተሰጠ። (የአንድ ሙዚቀኛ ገቢ በሙዚቀኛ ስም የተሰየመ ሕንፃ ኪራይ ይችል እንደሆነ ማስታወቂያው አይናገርም።) የኢትዮጵያ ምግብም በዚሁ መዝገብ ገባ፤ «በእጅ የሚበላ፣ ርካሽ፣ እስከ ሌሊት ክፍት» ተብሎ ተወደሰ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከምግብ ቤቱ ደንበኛ ይልቅ ኢንቬስተሩን በእጅጉ ያገለግላል፤ ለደንበኛው አንድ እራት ሲጠቁም ለኢንቬስተሩ የሰፈሩ ሥጋት እንደ ቀነሰ ይነግረዋል።

ዝና ወደ ኪራይ የሚለወጥበት መንገድ በቅርበት መታየት አለበት፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በስሜት የሚመራው ይህ ስለሚዘለል ነው። አንድ የዘጠነኛው መንገድ ዓይነተኛ ሱቅ ይታሰብ፦ ከደጁ በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ፣ ከውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ መስታወቱ ላይ በእጅ የተጻፈ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት፣ ጥግ ላይ የታክሲ ነጂዎች ማኪያቶ የሚጠጡባቸው ሁለት ጠረጴዛዎች። በብዙ የንግድ ኪራይ ውሎች፣ በተለይ ነጋዴዎች «ትሪፕል ኔት» በሚሉት ዓይነት፣ ተከራዩ ከወር ኪራዩ ሌላ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይሸፍናል። እንግዲህ ሁለት ደጅ አልፎ ያለ ሕንፃ በውድ ሲሸጥ የመንገዱ ሁሉ የግብር ግምት ወደ ላይ ይሳባል፤ ጭማሪውም ውሉ ሳያልቅና አከራዩ አንድ ቃል ሳይናገር በተከራዩ ሂሳብ ላይ ያርፋል። ውሉ ሲያልቅ ደግሞ የሚመጣው አዲሱ የገበያ ዋጋ ነው። በከተማው ሕግ የኪራይ ቁጥጥር የሚሸፍነው በዋናነት ከ1976 በፊት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶችን ሲሆን ለንግድ ቤት ተመሳሳይ ጥበቃ የለም። ባለ ሱቁ ወጪውን በእንጀራ ዋጋ ላይ እንዳይጨምር ደንበኛው ታክሲ ነጂ ነው፤ ያም ደንበኛ ራሱ በቤት ኪራይ ተገፍቶ ከከተማዋ ውጭ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቷል፣ ቅዳሜ ቢመጣ እንኳ መኪና ማቆሚያ አያገኝም። ለዚህ ነው የሸቀጥ ሱቁ ቀድሞ ተዘግቶ በብርጭቆ የሚሸጠው ቤት የሚሰነብተው፤ በካሬ ጫማ የሚሰላን ኪራይ ከሽሮ ይልቅ ኮክቴል ይሸከመዋል።

በ2005 አካባቢ ዘጠነኛውን መንገድ «ሊትል ኢትዮጵያ» ለማሰኘት የቀረበው ሐሳብ በዚህ ብርሃን ሲታይ አስተማሪ ነው። ሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይህን ስያሜ በ2002 በይፋ ስትሰጥ፣ በዲሲ ግን ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች የጎዳናው ታሪክ የእነርሱ መሆኑን ጠቅሰው ተቃወሙ። ተቃውሞው መሠረት ነበረው፤ የነጋዴዎቹም ጥያቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ሁለቱ ወገኖች በሰሌዳው ላይ ሲከራከሩ የባለቤትነት ካርታው ሁለቱም ወዳልሆኑ እጆች ይሄድ ነበር። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው ልብ ወለድ በዚያው አካባቢ፣ በሎጋን ሰርክል፣ ሱቁ የሚከስምበትን ኢትዮጵያዊ ባለ ሱቅ ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረጉ ድንገተኛ አይመስልም።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። ላንስ ፍሪማንና ፍራንክ ብራኮኒ በ2004 ኒው ዮርክን አጥንተው፣ በሚለወጡ ሰፈሮች የሚኖሩ ድሆች ከሌሎች ድሆች የበለጠ ቤት እንደማይለቁ ጽፈዋል። በዲሲም ቤቱን በሕይወት ዘመኑ ከፍሎ ጨርሶ በጥሩ ዋጋ የሸጠ ጥቁር ቤተሰብ አለ፤ የመንገድ መብራትም በርቷል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ውጤት ለሌላው አይበቃም፤ ናሽናል ኮሚዩኒቲ ሪኢንቨስትመንት ኮአሊሽን በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ዲሲ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው ተፈናቅለዋል። በተጨማሪም የመሻሻል ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡት አማካይ ገቢና የትምህርት ደረጃ፣ ነዋሪው ሲቀየር ማንም ሳይበለጽግ ይጨምራሉ። ዘገባዎች ይህን ልዩነት ሲያደርጉ ማየት ብርቅ ነው።

በ2019 ጸደይ የሆነው ነገር የሂደቱን ደረጃ ያሳያል። ሰባተኛው መንገድ ከፍሎሪዳ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ያለ አንድ የሞባይል መደብር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዲሲን የራሷን ሙዚቃ ጎጎን በድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ ያሰማ ነበር፤ በአቅራቢያው ከተሠራ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ቅሬታ ቀርቦ ሙዚቃው ጸጥ አለ። ሕዝቡ «ዲሲን ዝም አታሰኙ» ብሎ አደባባይ ወጣ፣ ዜናው አገር አዳረሰ፣ የሞባይል ኩባንያው በቀናት ውስጥ ድምፁን መለሰ፣ በ2020 ደግሞ ጎጎ በሕግ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ሆነ። ሚዲያ ኃይል እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ያ ሁሉ ኃይል ግን በራሱ የተከራይን የኪራይ ውል አያራዝምም።

ከዲሲ የወጣው የኢትዮጵያውያን ንግድ አንዱ መዳረሻ በሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የፐርፕል ላይን ቀላል ባቡር ግንባታ ከ2017 ጀምሮ እዚያ እየተካሄደ ሲሆን፣ መስመሩ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ኢትዮጵያውያን ጭምር የሚነግዱበት የቦኒፋንት ጎዳና ነው። ቅደም ተከተሉ እስካሁን ከዩ ስትሪት አይለይም፦ መጀመሪያ ርካሽ ኪራይ፣ ቀጥሎ ቁፋሮና የደንበኛ መራቅ፣ ከዚያም ጣቢያ። ቀሪው የሚወሰነው ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ስንቶቹ ባለ ሱቆች ሕንፃቸውን እንደሚገዙ፣ ወይም ቢያንስ የግብር ጭማሪውን ጣሪያ የሚያበጅለት የረጅም ዘመን ውል እንደሚፈርሙ ነው።